ወደ ጃማይካ፦ በየት በኩል፣ በየትኛው ሻንጣ፣ ምን ይዞ?

ወደ ጃማይካ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የኪንግስተን ጉምሩክ ምን ይከለክላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ቀድሞ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ጃማይካ ቀጥታ በረራ የለም። ትራንዚት የሚያደርጉበት አገር ደግሞ ከጃማይካ ይበልጥ ጥብቅ ሊሆን ይችላል፤ ቋንጣው ኪንግስተንን ሳያይ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱ ይመረጥ፣ ከዚያ ሻንጣው፣ ስንቁ መጨረሻ ላይ።

መንገዱ፦ በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይስ በአውሮፓ?

በአሜሪካ በኩል የበረራ ምርጫው ሰፊ ነው። ከማያሚ፣ ከአትላንታና ከኒውዮርክ ወደ ኪንግስተንም ወደ ሞንቴጎ ቤይም ይበረራል፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላ ይገኛል። ችግሩ አሜሪካ ውስጥ ሳይገቡ ማለፍ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የሁለት ሰዓት ትራንዚትም ቢሆን ኢሚግሬሽን ያልፋሉ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝና የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው የትራንዚት ወይም የጉብኝት ቪዛ ግድ ይለዋል። ቦሌ ላይ «እስከ ኪንግስተን» ተብሎ ወረቀት የተለጠፈበት ሻንጣም መጀመሪያ ባረፉበት የአሜሪካ ኤርፖርት ከቀበቶው ላይ ተነሥቶ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ እንደገና መሰጠት አለበት። ብዙ ሰው «ተለጥፎበታል፣ በራሱ ይሄዳል» ብሎ ትቶት ይሄድና ኪንግስተን ባዶ እጁን ይደርሳል። በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር።

የዚህ መንገድ ሌላው ዋጋ ዕቃዎ በሁለት ሕግ መለካቱ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሥጋ፣ ደርቆም ቢሆን፣ አሜሪካ አይገባም። ቋንጣ ፍርፍር ተብሎ የተዘጋጀ ድርቆሽም ያው ሥጋ ነው። ሌላው ምግብ ይመዘገባል፤ ያስመዘገቡት ነገር ባይፈቀድ ይወሰዳል እንጂ አያስቀጣም፣ ደብቀው የተገኘ ግን ያስቀጣል።

በካናዳ በኩል ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ ቀጥታ ይበረራል፤ ከቶሮንቶም ወደ ሁለቱም የጃማይካ ከተሞች በረራ አለ። እዚህም የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋል። ሻንጣው በራሱ ያልፋል ወይስ ቶሮንቶ ላይ ይቀበሉታል የሚለው እንደ ትኬቱና እንደ አየር መንገዶቹ ስምምነት ስለሚለያይ ቦሌ ሻንጣ ሲያስረክቡ በግልጽ ይጠይቁ፦ «ቶሮንቶ ላይ እቀበለዋለሁ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ እንደ አሜሪካው መንገድ ያስቡት።

የአውሮፓው መንገድ ስንቅ ለያዘ ሰው የተሻለ ነው፤ አንድ ሁኔታ ግን አለው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ፣ በአንድ ኤርፖርት መሆን አለባቸው። እንዲህ ከሆነ ሻንጣው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ይዛወራል እንጂ የአውሮፓን ጉምሩክ አያይም። ሰው ግን ቪዛ ላይ ይጠየቃል፦ የሸንገን አገሮች የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠይቋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ኤርትራም አሉ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ የሚሠራ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ከዚህ ነጻ ነው። በለንደን ሲሆን ወጥመዱ ሌላ ነው፤ በሂትሮው አርፈው በጋትዊክ የሚነሡ ከሆነ እንግሊዝ አገር መግባት፣ ሻንጣ መቀበልና በመኪና መዛወር አለ። ለዚህ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አይበቃም። ርካሽ ትኬት ሲያገኙ የኤርፖርቱን ስም ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

በአጭሩ የአሜሪካ ቪዛ ያለውና ልብስ ብቻ የያዘ በአሜሪካ ይሂድ። በርበሬና ሽሮ፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ዕቃ የያዘ በአውሮፓ፣ በአንድ ኤርፖርት። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ወገን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ከሚኖርበት ተነሥቶ ሲሄድ የሚያስጨንቀው የጃማይካ ሕግና የመመለሻው ሕግ ብቻ ነው።

ትኬት ሲቆርጡ መድረሻው ላይም ይጠንቀቁ። ሞንቴጎ ቤይ ያለው ሳንግስተር ኤርፖርት ለሰሜኑ የባሕር ዳርቻና ለመዝናኛ ሆቴሎቹ ነው። ወደ ኪንግስተን የሚሄድ ሰው ኖርማን ማንሊ ይውረድ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ወደ 3 ሰዓት ይወስዳል። ኖርማን ማንሊ ቀድሞ ፓሊሳዶስ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያረፉበት ኤርፖርት ነው። ራስታዎች ቀኑን በየዓመቱ ስለሚያከብሩ በዚያ ሰሞን ለሚሄድ ሰው ማረፊያ ቀድሞ መያዝ ይበጀዋል።

ከቪዛ እኩል የሚቆጠር ወረቀት

ቢጫ ካርድ። ጃማይካ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ከሚመጣ ዕድሜው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰው ሁሉ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ አለች። በእንዲህ ዓይነት አገር ኤርፖርት ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ትራንዚትም ይቆጠራል። ማስረጃው መሥራት የሚጀምረው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው። በዋዜማው ተከትቦ የሚሄድ ሰው መርፌውን ወስዶም ወረቀት የለውም። ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል የድሮ ካርድ «10 ዓመት አለፈው» ተብሎ አይጣልም።

አሜሪካ የሚኖር ሰው በቀጥታ ከአሜሪካ ሲሄድ ይህ አይመለከተውም። ኢትዮጵያ ቤተሰብ ጠይቆ በዚያው ወደ ጃማይካ የሚያልፍ ከሆነ ግን ይመለከተዋል።

ሲ-5 የሚባለው የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ቅጽ ከመነሣትዎ በፊት በኢንተርኔት ይሞላል። ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከገጠመዎት የመንግሥት አይደለም። የሚያርፉበትን አድራሻ «ኪንግስተን» ብሎ መተው ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ያስቆማል። የቤቱን ቁጥር፣ መንገዱንና የተቀባዩን ስልክ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ስልክዎ እዚያ ሲደርሱ ላይሠራ ይችላል።

መያዝ ወይስ መላክ?

ለወዳጅ የሚሆን ስጦታ ካለ ይዞ መሄድና በፖስታ መላክ በቀረጥ በኩል ሰማይና ምድር ናቸው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለመንገደኛ ከቀረጥ ነጻ የሚፈቀደው ከ500 ወደ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ከፍ ብሏል። በጥቅል ለሚላክ ዕቃ ግን ነጻው እስከ 100 ዶላር ነው፤ እሱም ቢሆን ከ50 ያደገ ነው። የ400 ዶላር የሀገር ልብስ በሻንጣ ቢገባ ምንም አይከፈልበትም፤ በፖስታ ቢሄድ ተቀባዩ ቀረጥና 15 በመቶ ጂሲቲ የሚባለውን የፍጆታ ግብር ይጠየቃል።

ነጻው ለግል ዕቃና ለስጦታ እንጂ ለንግድ አይደለም። አሥር የተለያየ ነጠላ ስጦታ ይመስላል። አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ በላስቲክ የታሸገ ሃያ ቲሸርት ደግሞ የሱቅ ዕቃ ይመስላል፤ «ለዘመድ ነው» ማለቱ አያዋጣም። ደረሰኝ ይያዙ። ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን የሚገምተው መርማሪው ነው።

በርሜል የሚባለው የጃማይካውያን ልማድ ሦስተኛ አማራጭ ነው። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ ያሉ ጃማይካውያን ሩዝ፣ ዘይት፣ ልብስና ጫማ በትልቅ በርሜል ጠቅጥቀው በመርከብ ይልካሉ። ከእነዚህ አገሮች ለሚልክ ማኅበር ለከባድ ዕቃ ይረክሳል፤ ሳምንታት መውሰዱና ተቀባዩ ራሱ ወደብ ሄዶ ማስለቀቁ ግን አለ። ተቀባዩ ቲ-አር-ኤን የሚባለው የግብር ከፋይ ቁጥር ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ ይህን መሞከር ትርፍ የለውም።

በእጅ ወይስ በካርጎ?

ዱቄት ሁሉ በካርጎ ሻንጣ ይሁን። በተለይ በአሜሪካ የሚያልፍ ሰው ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የለስላሳ ጣሳ ከሚያህል፣ በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠብቀዋል፤ ፈታሹ ምንነቱን ካላረጋገጠ ወደ አውሮፕላኑ አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የተፈጨ ቡና ሁሉም ዱቄት ነው። ማርና ቅቤ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ስለሚታዩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አይያዙም።

ፓወር ባንክ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በካርጎ አይገባም፣ በእጅ ብቻ። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ የ20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓቱ ወደ 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ አያሳስብም። ቁጥሩ የተፋቀበት ፓወር ባንክ ይወሰዳል። መድኃኒትም በእጅ ይሁን፣ ከነካርቶኑና ከሐኪም ማዘዣው ጋር። ክኒኑን ለመቆጠብ ወደ አንድ ብልቃጥ መገልበጥ ጥሩ አይደለም።

አልኮል ከ24 እስከ 70 በመቶ ከሆነ በካርጎ ሻንጣ በነፍስ ወከፍ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ግን በፋብሪካ እንደታሸገ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ አረቄ መለያ ስለሌለው ጥንካሬውን ማንም አያውቅም፤ እዚያው ይቀራል።

ቦሌ ላይ ሻንጣ በላስቲክ ማስጠቅለል ለአውሮፓው መንገድ ጠቃሚ ነው። በአሜሪካ ለሚያልፍ ግን የባከነ ገንዘብ ነው፤ ለፍተሻ ከተፈለገ ይቀደዳል። እዚያ ቲ-ኤስ-ኤ (የአሜሪካ የኤርፖርት ፈታሾች መሥሪያ ቤት) የሚል ምልክት ያለው ቁልፍ ይሻላል፤ ሌላውን ሰብረው ይከፍቱታል።

ስንቁ፦ ምን ያልፋል፣ ምን ይቀራል?

መለያው ቀላል ነው። ከእንስሳ የተገኘ ወይም ተዘርቶ ሊበቅል የሚችል ከሆነ ችግር አለው። የደረቀ፣ የተፈጨ፣ የተቆላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተመዝግቦ ያልፋል።

ሽሮ ያልፋል፤ ክኩና ጥሬው ሽምብራ ግን ዘር ነውና የግብርና ፈቃድ ያሻዋል። የጤፍ ዱቄት ከጤፍ እህል ይሻላል። የተቆላ ቡና ከጥሬ ቡና ይሻላል፤ በተለይ ቡና አብቃይ ደሴት ላይ ጥሬ ፍሬ ማስገባት በሽታ ማስገባት ነው ተብሎ ይፈራል። ማር፣ ሥጋ፣ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ያለ ፈቃድ ጃማይካ አይገቡም። ማር ላይ ሰው ይከራከራል፤ «ንጹሕ የወለጋ ማር ነው» ይላል። ክርክሩ ስለ ንጽሕናው ሳይሆን ስለ ንብ በሽታ ነው፤ ማሩ ይተው። ንጥር ቅቤም የእንስሳ ተዋጽኦ ስለሆነ በቅመም የተነጠረ ዘይት መተካቱ ይቀላል። ዕጣን ሙጫ ስለሆነ፣ መሶብም ከሣር ስለተሰፋ ይመዝገቡ። ጀበና ታጥቦ፣ አፈር ሳይኖረው። የጫማ ሶል ላይ የደረቀ ጭቃም እንደ አፈር ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዱቄቱ አስተሻሸግ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፣ የሚበላሸው እዚህ ነውና። አንደኛው ጠላት ነቀዝ ነው። ሽሮው ከቤት ሲወጣ ደኅና ይመስላል፤ እንቁላሉ ግን ውስጡ አለ። ሞቃት ሻንጣ ውስጥ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ መርማሪው ሲከፍተው አንዲት የምትንቀሳቀስ ነገር ካየ ሽሮው ሁሉ ይወሰዳል። መፍትሔው ከጉዞው በፊት ዱቄቱን በየ1 ኪሎ አሽጎ 4 ቀን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። ሲወጣ ከረጢቱ ሳይከፈት እስኪሞቅ ይቆይ፤ ቀዝቃዛውን ዱቄት ወዲያው ከከፈቱት እርጥበት ይስብና ይጓጉላል።

ሁለተኛው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሯ በበረራ ላይ ካለው የአውሮፕላን አየር ብዙም አይለይም። ስለዚህ አዲስ አበባ የታሸገ ከረጢት ሰማይ ላይ አይነፋም፤ ኪንግስተን ሲያርፍ ግን ይጨመደዳል፣ ላስቲኩ በርበሬው ላይ ይጣበቃል፣ ማሸጊያው ትንሽ ክፍተት ካለው ደግሞ የደሴቷን እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ከዋሽንግተን የሚነሣ ሰው ተቃራኒው ይገጥመዋል፦ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የታሸገው ከረጢት በረራ ላይ ይነፋና ስፌቱ ደካማ ከሆነ ይፈነዳል፤ ሻንጣው ውስጥ ያለው ነጭ ልብስ ሁሉ ቀይ ይሆናል። ለሁለቱም አየሩን በእጅ ጨምቆ ማውጣት፣ ሁለት ከረጢት መደራረብ፣ ከላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ መጻፍ። «የተፈጨ ቃሪያና ቅመም» የሚል ጽሑፍ ያለው ከረጢት ከማይታወቅ ቀይ ዱቄት ይሻላል።

እንጀራ ይዤ ልሂድ ለሚል ድርቆሽ ከትኩስ ይሻላል። ትኩሱ ከመንገዱ ርዝመትና ከደሴቷ ሙቀት ጋር ሻጋታ ይዞ ይደርሳል። ጾመኛ ሰው ብዙ ስንቅ ባይሸከምም ይችላል፦ የራስታዎቹ «ኢታል» ምግብ ሥጋ የለበትም፣ ብዙ ጊዜ ጨውም የለበትም፤ ወተትና እንቁላል ይኑረው አይኑረው ብቻ ይጠይቁ። ካላሉ የሚሉት ቅጠል የአሉማ ዘመድ ነው። ስኮች ቦኔት ቃሪያቸው ደግሞ ከእኛ ሚጥሚጣ ጋር ይወዳደራል።

ለኪንግስተኗ ማክስፊልድ አቬኑ ቅድስት ሥላሴ ወይም ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት የሚወስድ ሰው ጣጣው ጃማይካ ሳይሆን ቦሌ ነው። አሮጌ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍና ጥንታዊ ሥዕል ከኢትዮጵያ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ አይወጣም። አዲስ የተገዛም ቢሆን አሮጌ ስለሚመስል ደረሰኙ አብሮት ይሁን፤ ከላኪው ደብር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር ደብዳቤ ደግሞ ኪንግስተን ላይ «ለሽያጭ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያሳጥራል።

የኤሌክትሪክ ዕቃና ልብስ

ጃማይካ 110 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ መሰኪያው እንደ አሜሪካ ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ። ከኢትዮጵያ፣ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከገልፍ የሚሄድ መለወጫ መሰኪያ ይያዝ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር «100–240» የሚል ከሆነ መሰኪያው ብቻ ይበቃል። የሚያሞቅ ዕቃ ግን አይሆንም። ቮልቴጁ በግማሽ ሲወርድ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፦ 220 ላይ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ 110 ላይ 875 ዋት ገደማ ብቻ ያገኛል፣ ዓይን አያወጣም። ምጣድ ተሸክሞ መሄድ ለሻንጣ የተፈቀደውን 23 ኪሎ መጨረስ ብቻ ነው። ከአሜሪካ የሚሄድ ምንም መለወጫ አይፈልግም፤ ብቻ በ60 ኸርዝ የሚቆጥር የድሮ የግድግዳ ሰዓት እዚያ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።

ልብስ ላይ የሚከለከለው አንድ ነው፤ ወታደራዊ ዥንጉርጉር። ኮፍያም፣ የልጅ ሱሪም፣ ቦርሳም ቢሆን ይተው። በባርቤዶስና በትሪኒዳድም እንደዚያው ነው። ሌላው ስስ ጥጥ ይሁን፤ አንድ ሹራብ ግን ይጨመር። ብሉ ማውንቴን ጫፉ 2,256 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ፀሐይ መውጫን ለማየት ሌሊት የሚወጣ ሰው የአዲስ አበባን የኅዳር ንጋት ያስብ። ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ በዚያን ጊዜ ለሚሄድ ቀኑን ያለ ቅጣት የሚቀይር ትኬት ከርካሹ ይሻላል። ፌስታል ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ታግዷል፤ የጨርቅ ዘንቢል ይያዙ።

ገንዘብ

ብር እዚያ አይመነዘርም። የአሜሪካ ዶላር በቱሪስት ሰፈር ይሠራል፤ በሰፈር ሱቅና በታክሲ ግን የጃማይካ ዶላር ያተርፋል፣ ምክንያቱም ባለሱቁ የራሱን ምንዛሪ ይቆርጣል። ዋጋ ሲጠይቁ «የቱ ዶላር?» ማለት አይፈር። ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ፣ በማንኛውም ገንዘብ ቢሆን፣ መመዝገብ አለበት። መያዝ አይከለከልም፣ መደበቅ ነው የሚያስወርሰው። በአሜሪካ የሚያልፍ ሰው እዚያም ያስመዘግባል፤ አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ ገንዘብ ተደምሮ ይታያል።

ሲመለሱ

ጋንጃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከእ.ኤ.አ. 2015ቱ የሕግ ማሻሻያ በኋላ እስከ 2 አውንስ (56 ግራም ገደማ) መያዝ ከእስር ይልቅ 500 የጃማይካ ዶላር መቀጮ ያለው ደንብ መተላለፍ ሆኗል። ወደ ውጭ ማውጣት ግን እንደ ድሮው ወንጀል ነው። ሻንጣዎን ራስዎ ያሽጉ፤ «ይህችን ለወንድሜ አድርስልኝ» የሚባል የታሸገ ዕቃ አይቀበሉ።

ከባሕር ዳር የሚለቀም ነገርም ያሳስራል። ጥቁር ኮራልና ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ ጌጥ ፈጽሞ አይነካ። ትልቁ ሮዝ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለግል ከሆነ እስከ 3 ድረስ፣ ብርቅዬ እንስሳትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይታለፋል።

ሩምና የተቆላ ቡና ከሁሉ ይሻላሉ። ሬይ ኤንድ ኔፊው የተባለው ነጭ ሩም 63 በመቶ ስለሆነ ከ70 በታች ነው፤ በካርጎ ያልፋል። በአሜሪካ የሚመለስ ሰው ከቀረጥ ነጻ ሱቅ የገዛውን ጠርሙስ በእጁ ይዞ ይመጣና ሁለተኛው ፍተሻ ላይ ሊነጠቅ ይችላል፤ መጀመሪያ ያረፈበት ኤርፖርት ሻንጣውን ሲቀበል ጠርሙሱን ወደ ውስጥ ይክተተው። ለአሜሪካ ነዋሪ ነጻው 800 ዶላር ሲሆን፣ 2 ሊትር መጠጥ የሚፈቀደው ቢያንስ አንዱ የካሪቢያን ምርት ሲሆን ነው። ወደ እንግሊዝ 390 ፓውንድና 4 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት 430 ዩሮና 1 ሊትር፣ ወደ እስራኤል 200 ዶላርና 1 ሊትር። ጥሬ ማንጎና አኪ ፍሬ ይቅር፤ አኪ ያልበሰለ ከሆነ መርዝ ነው፣ ቆርቆሮው ይበቃል።